የሶልደር ጭስ ምንድን ነው?

ሶልደር ስታደርጉ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን ሽቦ አቅልጣችሁ ሰሌዳ ላይ ስትበይዱ፣ አንድ ጊዜ ልብ ብላችሁ እዩት። የጋለው የመበየጃው ጫፍ ሊዱን፣ ማለትም የሚቀልጠውን ሽቦ፣ ሲነካው ቀጭን ነጭ ጭስ ይነሳል። ወደ ጎን አይሄድም፤ ሙቀቱ ይዞት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ያለው ደግሞ የእናንተ ፊት ነው። የአይሲዋን (የትንሿን ቺፕ) ቀጭን እግር ለማየት አጎንብሳችኋል፣ ጭሱም መንገዱን አፍንጫችሁ ላይ ይጨርሳል።

ብዙ ሰው ይህ ጭስ እርሳስ ከሚባለው ብረት የሚወጣ ይመስለዋል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው። አይደለም። ገበያ ላይ ሊድ እያልን የምንገዛው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ 60 በመቶ ቲን፣ 40 በመቶ እርሳስ ነው። ከ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ይቀልጣል። እርሳስ ፈልቶ ወደ ተን የሚለወጠው ግን በ1,749 ዲግሪ ነው። የእኛ የሶልደር መበየጃ 350 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው። ስለዚህ እርሳሱ ይቀልጣል እንጂ ተኖ ወደ አፍንጫችን የሚመጣ ያህል አይሆንም።

የሚጨሰው ፍላክሱ ነው። ሽቦውን በምላጭ ብትቆርጡት መሐሉ ላይ ሌላ ነገር ተሞልቶ ታያላችሁ። ፍላክስ ማለት ያ ነው። ሥራው የመዳቡን ዝገት አጽድቶ ሊዱ እንዲይዝ ማድረግ ነው። የተለመደው ዓይነት ሮዚን ይባላል፤ ከፓይን ዛፍ ሙጫ የሚወጣ ነው። ዕጣንም የዛፍ ሙጫ ነውና፣ ሽታው ለአንዳንዱ ሰው ደስ የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። ሮዚን ሲቃጠል ግን ፎርማልዴሃይድን የመሳሰሉ ጋዞችና በዓይን የማይለዩ በጣም ደቃቅ ብናኞች ይወጡታል። ብናኞቹ ሳንባ ድረስ ይዘልቃሉ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የሮዚን ጭስ አስም ያመጣል። ዛሬ ተስሎ ነገ የሚያልፍ ጉንፋን አይደለም። የአንዳንዱ ሰው ሰውነት ጭሱን ደጋግሞ ሲያገኘው እንደ ጠላት ይመዘግበዋል። አንዴ ከመዘገበው በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል፤ ደረት ይጨመድዳል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ማታ ማታ ያስላል። ሙያውን ጥሎ እስከመሄድ ያደርሳል። በብሪታንያ ሕግ አንድ ሠራተኛ በ8 ሰዓት አማካይ እንዲተነፍስ የሚፈቀድለት በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.05 ሚሊግራም ብቻ ነው። ይህን ወደ ቤታችን አምጥተን እናስላው። 3 በ3 የሆነች፣ ጣሪያዋ 2 ሜትር ተኩል የሚደርስ ክፍል 22.5 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። ከ1 ሚሊግራም በትንሹ የሚበልጥ ጭስ ክፍሏን ሙሉ ገደቡ ላይ ያደርሳታል ማለት ነው። ያውም አልጋው እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ልጅ ተኝቶበት ሊሆን ይችላል።

"እርሳስ የሌለበት ሊድ ልግዛ" ብትሉ ለእጃችሁና ለአካባቢው ጥሩ ነው፤ ለጭሱ ግን መፍትሔ አይሆንም። እሱ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሙቀት ያስጨምራል። ሙቀት ሲጨምር ፍላክሱም ይበልጥ ይጨሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙዎቻችን እፍ እንላለን። እፍ ብላችሁ ስትጨርሱ ግን አየር መሳባችሁ አይቀርም፤ የምትስቡትም ያንኑ የበተናችሁትን ነው። ጭሱ መያዝ ያለበት ገና ከምንጩ ሳይርቅ ነው።

ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ 12 ሴንቲሜትር ፋን ይበቃል። ጠረጴዛውን መስኮት ሥር አድርጉት። ፋኑን ከሥራው ማዶ አቁሙት፤ ከእናንተ በኩል ስቦ በመስኮት ወደ ውጭ እንዲተፋ። ርቀቱ ላይ አትቀልዱ። ሻማ ከሩቅ እፍ ብሎ ማጥፋት ይቻላል፤ አየር ወደ ውስጥ እየሳቡ ማጥፋት ግን አይቻልም። የፋን መሳብም እንደዚያው ነው፣ ትንሽ ሲርቅ ጉልበቱ ያልቃል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። በሩንም ገርበብ አድርጉት፤ አየር ካልገባ አየር አይወጣም።

በክረምት መስኮት መክፈት ካልተቻለ ማጣሪያ ያለው የጭስ መሳቢያ ይሸጣል። ስትገዙ ማጣሪያውን እዩ። ጥቁሩ የከሰል ስፖንጅ ሽታውን ይቀንሳል፣ ደቃቁን ብናኝ ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ብናኙን የሚይዘው ሄፓ የሚባለው ነው። ሁለቱም ያሉበት ይሻላል። ተራ የጨርቅ ማስክ እዚህ ላይ አይረዳም።

እርሳሱስ? እርሳስ በእጅ ነው የሚገባው። ሊድ የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ። ሊዱን በጥርስ መያዝም ይቅር።

ፋኑ መሥራቱን ለማረጋገጥ ሰንደል ለኩሱና ሰሌዳው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያዙት። እንደ ሥራ ሰዓት አጎንብሱ። የሰንደሉ ጭስ ወደ ፋኑ ከታጠፈ ደህና ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ፊታችሁ ከመጣ ፋኑን አስጠጉትና እንደገና ሞክሩ።