ግትርነት ምንድን ነው? ከጥንካሬ ጋር አታምታቱት

«የሱቁ ቆጥ ሲረገጥ ይረግባል? ግሬዱ (የጥንካሬ ደረጃው) ከፍ ያለ ብረት አስገባበት፣ ቀጥ ይላል።» ይቺን ምክር ሰሞኑን እንደገና አየኋት። በምክሩ መሠረት ቢሠራ ገንዘቡ ይወጣል፣ ቆጡም እንደ ድሮው ይረግባል።

ዳገት አስቡ። ወደ ላይ መውጣት ጭነት መጨመር ነው፤ ወደ ፊት መራመድ ደግሞ መለጠጥ። ዳገቱ ምን ያህል ቀጥ ያለ ነው? ይህ ግትርነት ነው። ጫፉስ ምን ያህል ከፍ ይላል? ይህ ጥንካሬ ነው። ግሬድ 40 እና ግሬድ 75 ፌሮ የሚወጡት አንድ ዳገት ነው፤ ሁለቱም 200 ጊጋፓስካል አካባቢ (ፓስካል በስፋት ልክ የሚያርፍ ጭነት መለኪያ ነው፤ 1 ጊጋ 1000 ሜጋ ነው)። አንዱ ግን 280 ሜጋፓስካል ገደማ ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ ሌላው 520 ገደማ ድረስ ይዘልቃል። አሉሚኒየም ዳገቱ ለዘብ ያለ ነው፣ 70 ጊጋፓስካል ቢሆን ነው። የመስኮት መስታወትም እዚያው አካባቢ ነው። ፍሬሙና መስታወቱ በግትርነት እኩያ ናቸው፤ አንዱ ይጣመማል፣ ሌላው ይሰበራል እንጂ።

ጫፉን ያለፈ ብረት በመጣበት መንገድ አይመለስም። ቁልቁለቱ ከዳገቱ እኩል ቀጥ ያለ ነው፤ የሚያወርደው ግን ከተነሳበት ራቅ ብሎ ነው። ያ ርቀት ተጣሞ የቀረው ነው።

ያላመነ ይሞክረው። የብረት መጋዝ ምላጭና በስፋትም በውፍረትም የሚተካከለው ተራ ላሜራ ሞርሳ ላይ ይሰር፤ ጫፋቸው ላይ እኩል ክብደት ያንጠልጥል። እኩል ይጎብጣሉ። ክብደት ሲጨመር ላሜራው ተጣሞ ይቀራል፣ ምላጩ ግን ሲለቁት ይቃናል። (መነጽር ይደረግ፣ ምላጭ ሲሰበር ይፈናጠራል።)

«ታዲያ ግሬድ ምን ሊሠራ ይሸጣል?» የሚል አይጠፋም። ከባድ ጭነት ችሎ ሳይጣመም እንዲቀር ነዋ! እኔን የሚያስፈራኝ «ጠንካራ ነው» ተብሎ ብረቱ ሲቀጥን ነው። ረጅምና ቀጭን ቋሚ ከላይ ሲጫን ወደ ጎን ተጣጥፎ ይወድቃል። የሂሳብ ሊቁ ኦይለር ቋሚው በስንት ጭነት እንደሚጣጠፍ ለማስላት በአውሮፓውያኑ 1744 ባወጣው ቀመር ውስጥ ግትርነት አለ፣ ርዝመት አለ፣ የቅርጽ ስሌት አለ። ጥንካሬ የለም።

ኮንክሪት ላይ ግን ይህን ወስዳችሁ እንዳትከራከሩ። እሱ ሲጠነክር ግትርነቱም በመጠኑ ይጨምራል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ብረትም እሳት ላይ ዳገቱ ይለዝባል።

ለቆጡ የሚበጀው ቁመት ነው። ድፍን አራት ማዕዘን ብረት ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ 8 እጥፍ ይሆናል፣ ጥንካሬው 4 እጥፍ። ቱቦላሬ ከሆነ ስሌቱ ይለያል፤ ቢሆንም ከማጋደም ማቆም ይሻላል። መሃል ላይ አንድ ቋሚ ማስገባት ከተቻለማ፣ የዚያ ሁሉ ግሬድ ወጪ ይቀራል። ቋሚው የሚያርፍበት ወለል ይችል እንደሆነ ግን ቀድሞ ይታይ።