በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃና የአደን ሥርዓቱ

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርዱ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ ምስለ ቅርጽ ይታያል። ዋናው ጋፋት ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል፤ ዛሬም እዚያው አለ። ባሩዱም ጥይቱም የሚገባው በአፉ ነው። የጥንት አዳኞች ጠመንጃም እንዲሁ ነበር። ስናድርና ውጅግራን የመሳሰሉት ከኋላ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ናቸው ከገበያ ያስወጡት።

ጥቁር ባሩድ በግምት 75 በመቶ ፖታሺየም ናይትሬት፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ ነው። መጀመሪያ የተለካ ባሩድ ይገባል። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ የእርሳስ ድብልብል በዘንግ ይገፋል። እርሳሱ ባሩዱ ላይ በደንብ መቀመጥ አለበት። በመሃል ክፍተት ከቀረ ጠመንጃው እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ጭስ አልባውን ዘመናዊ ባሩድማ ጭራሽ መጨመር አይቻልም፤ ግፊቱን አይችለውም። ከባሩድ መያዣው ቀንድ በቀጥታ መገልበጥም አደገኛ ነው። ከቀደመው ተኩስ የቀረች ፍም ቀንዱን ሙሉ ታቀጣጥለዋለች። ስለዚህ በመስፈሪያ ነው የሚጨመረው። ምላጩ ተስቦ ካልተኮሰ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ ቢያንስ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላልና።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአያት ጠመንጃ ያለው ቤተሰብም ልብ ይበል። እንደጎረሰ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ምላጩን ሳይነኩ፣ ፊትን ከአፈሙዙ አርቆ ለባለሙያ ማሳየት ነው የሚሻለው።

አደን ላይ ትልቁ ቁም ነገር ሁለተኛ ዕድል አለመኖሩ ነው። አንዴ ከተተኮሰ ጭሱ ዓይን ይጋርዳል። እንደገና ማጉረስም ጊዜ ይፈጃል። የእርሳስ ድብልብል ከ100 ሜትር በላይ ጉልበቱ ይደክማል። ስለዚህ ጥሩ አዳኝ ይጠጋል፤ እንስሳው ጎኑን እስኪሰጠው ይታገሳል፤ ልብና ሳንባውን ያነጣጥራል። እርግጠኛ ካልሆነ አይተኩስም። የቆሰለን እንስሳ ደሙን ተከትሎ መጨረስ ግዴታው ነው። ጥሎት መሄድ ጭካኔ ነው፤ ለዚህ ምክንያት አይደረደርም። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ለእነዚህ ጠመንጃዎች የተለየ የአደን ወቅት ሰጥተዋል።

የባሩዱ ቅሪት እርጥበት ይስባል፤ ብረት ይበላል። ጠመንጃው በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ይቀባል።

በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው። ደጋ አጋዘን የሚታደነው በፈቃድና በኮታ ብቻ ነው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ፈጽሞ አይነኩም።