ሮያል ናሽናል ሞድ፦ የስኮትላንድ ጋሊክ ዘፈን መድረክ

ሮያል ናሽናል ሞድ በስኮትላንድ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር ለአንድ ሳምንት ያህል የሚካሄድ፣ ጋሊክ በተባለው ነባር የስኮትላንድ ቋንቋ የሚቀርብ የዘፈን፣ ግጥምና ሙዚቃ ውድድር ነው። ቋሚ ቤት የለውም፤ አንድ ዓመት ደሴት ላይ፣ ሌላ ዓመት እንደ ግላስጎ ባለ ትልቅ ከተማ ይውላል። አዘጋጁ አን ኮመን ጌአላኽ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1891 በምዕራብ ጠረፍ በምትገኘው ኦባን ከተማ ተቋቋመ፤ በ1892ም የመጀመሪያውን ሞድ እዚያው አደረገ። አርአያ የሆነው አይስተድቮድ የሚባለው የዌልሶች የዘፈንና የግጥም ውድድር ነበር።

ያኔ ጋሊክ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ገበሬው ሃይላንድ በሚባለው ተራራማ የአገሩ ክፍል ካለው መሬቱ ተፈናቅሎ ተበትኗል፤ የ1872ቱ የትምህርት ሕግም ለቋንቋው ቦታ ሳይሰጥ አልፎታል። በ2022ቱ ቆጠራ ጋሊክ እንናገራለን ያሉት 70 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሞድ ላይ ድምፅ ማማር ብቻውን አያሸልምም። በትልልቆቹ የዘፈን ውድድሮች ቋንቋውን የሚዳኙ ሌላ፣ ሙዚቃውን የሚዳኙ ሌላ ናቸው፤ ውጤቱ የሁለቱ ድምር ነው። ለኳየሮች ደግሞ በጋሊክ ነጥብ ብቻ የሚሰጥ ሽልማት አለ።

በቋንቋው በኩል ብዙ ነጥብ ይፈሳል። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ዘፋኝ ሁለት ቦታ ይያዛል። አንደኛው ከቲና ከኬ በፊት የሚሰማው ትንፋሽ ነው፦ ድመት «ካህት»፣ ወንድ ልጅ «ማኽክ» ይባላል፤ ትንፋሿን የዋጠ ዘፋኝ ወዲያው ይታወቅበታል። ሁለተኛው በጽሑፍ የማይታየው አናባቢ ነው። «አልባ» ተብሎ የሚጻፈው የአገሩ ስም ሲነገር «አላፓ» ይሆናል። በመካከል የገባችውን አናባቢ ለመዝፈን የዜማው ኖታ አይበቃም፤ የዘለላት ቃሉን ይሰብራል፣ አጉልቶ የጎተታት ምቱን ያዛባል። ትክክለኛው ከእርሷ ከሚቀድመው ክፍለ ቃል ጊዜ ቆርሶ መስጠት ነው።

የግለሰብ ዘፋኞች ትልቁ ክብር ለወንድና ለሴት ለየብቻ የሚሰጠው የወርቅ ሜዳሊያ ነው። ለብዙ ዘመን ይህ መድረክ የኮንሰርት አዳራሽ አዘፋፈንን ያበረታታል ተብሎ ተወቅሷል፦ የተገራ ድምፅ፣ የተስተካከለ ምት። ወቀሳው መሠረት አለው። ከእናቱ ወይም ከጎረቤቱ የተማረ ባህላዊ ዘፋኝ ምቱን ለቃሉ ያስገዛል፤ ስንኙ ሲረዝም ዜማው ይረዝማል፣ ከአንቀጽ አንቀጽም ጌጡ ይለያያል። ይህን በኖታ የተማረ ሰው ሁሉንም አንቀጽ እኩል ሲቆርጠው ግጥሙ ይደርቃል። በባህላዊው ስልት ብቻ የሚዳኝ የተለየ ሜዳሊያ መኖሩ ክርክሩን አልዘጋውም፤ ቢያንስ ግን ሁለቱን በአንድ ሚዛን ከመመዘን አድኗል።

ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ዜማዎቹ ሩቅ አይደሉም። ብዙዎቹ በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው፤ ከእነዚህም ቅኝታቸው ከትዝታ ሜጀር ጋር አንድ የሆኑ ይገኙበታል።

በአፈጣጠራቸው የሥራ ዘፈን የሆኑት የሱፍ መውቂያ ዘፈኖች ናቸው። ሴቶች ገበታ ከበው በቆየ ሽንት የተነከረ አዲስ ጨርቅ እየደበደቡ ወደ ፀሐይ ዙር አቅጣጫ ያስተላልፉት ነበር፤ የሽንቱ አሞኒያ ቅባቱን ያስለቅቃል፣ ድብደባው ሽመናውን ያጠብቀዋል። አውጪዋ አንድ ስንኝ ትላለች፣ ሌሎቹ ትርጉም በሌላቸው ድምፆች የተሠራውን አዝማች ይቀበላሉ። ትርጉም የለውም ተብሎ አዝማቹ አይለወጥም፤ ዘፈኑ የሚታወቀው በእርሱ ነው። መድረክ ላይ ሽንቱ ቀርቷል። የተለመደው ጥፋት አውጪዋ ለትንፋሽ ስትቆም ክፍተት መፍጠር ነው፤ ተቀባዮቹ ስንኙ ሳያልቅ ካልተነሡ የጨርቁ ምት ይቆማል።

ኳየሮች በአራት ድምፅ፣ ያለ መሣሪያ ይዘፍናሉ። ከአባላቱ ብዙዎቹ ቋንቋውን ስለማይናገሩ ከሙዚቃ መሪው ሌላ የጋሊክ አስጠኚ ያስፈልጋቸዋል። አጃቢ በሌለበት ቃናው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ስለዚህ አንዳንድ ዳኛ መጨረሻ ላይ መነሻውን ድምፅ በድምፅ መቃኛ ሹካ አረጋግጦ ስንት እንደወረደ ይመዘግባል።

ከመሣሪያዎች ፊድል (ቫዮሊን)፣ ክላርሳህ የሚባለው ትንሽ ሃርፕና ባለ ከረጢቱ የትንፋሽ መሣሪያ ባግፓይፕ ይወዳደራሉ። የሃይላንድ ባግፓይፕ ዘጠኝ ኖታ ብቻ አለው፤ አየሩ ከከረጢቱ ስለማይቋረጥ ዝምታም፣ ማጉላትና ማሳነስም የለውም። አንዱን ኖታ ደጋግሞ ለመንፋት በመካከሉ ፈጣን የጌጥ ኖታ መጣል ግድ ነው፤ ጌጡ ከጠፋ ሁለቱ ኖታ አንድ ሆኖ ይሰማል። ዜማው የሚወጣበት ቻንተርና ከትከሻ በላይ የቆሙት፣ ድሮን የሚባሉት አንድ ድምፅ ሳያቋርጡ የሚያሰሙ ሦስት ቧንቧዎች በሙቀት እኩል አይለወጡም። ከብርድ ገብቶ ወዲያው የጀመረ ነፊ አዳራሹ ሲያሞቀው ከቅኝት ይወጣል። ስለዚህ ድምፅ የሚያወጣው ሸምበቆ እስኪሞቅና እስኪረጥብ በጎን ክፍል ይነፋል፣ ከዚያም ድሮኖቹን በመገጣጠሚያቸው ያስተካክላል፤ ሲረዝሙ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲያጥሩ ይወጣል።

የሳምንቱ መጀመሪያ የልጆች ነው፣ አጋማሹ የሜዳሊያ፣ ሐሙስና ዓርብ የኳየሮች። የውድድር አዳራሽ በር በዘፈን መካከል አይከፈትም። ማታ ማታ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ውድድር የሌለበት ዘፈን ይቀጥላል፤ ለመማር የመጣ ሰው ብዙ የሚያገኘው እዚያ ነው። በመጨረሻው ቅዳሜ ኳየሮቹ ሁሉ ተቀላቅለው ከቤት ውጭ ይዘፍናሉ፤ የኦክቶበር ስኮትላንድ ስለሆነ ዣንጥላ ይዞ መሄድ ነው።