ቡች ካሲዲ እና ሰንዳንስ ኪድ፦ የሚሸሹ ሽፍቶች ፊልም

«ቡች ካሲዲ እና ሰንዳንስ ኪድ» እ.ኤ.አ. በ1969 ለእይታ የበቃ የአሜሪካ ካውቦይ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮይ ሂል፣ ደራሲው ዊሊያም ጎልድማን ናቸው። ፖል ኒውማን ቡችን፣ ሮበርት ሬድፎርድ ሰንዳንስን፣ ካትሪን ሮስ ደግሞ አብራቸው የምትሄደውን ኤታ ፕሌስን ሆነው ይተውናሉ። ታሪኩ በእውን የኖሩ ሁለት የባቡርና የባንክ ዘራፊዎች ታሪክ ነው።

በካውቦይ ፊልም ጀግና አይሸሽም። ሽጉጡን ታጥቆ መንገድ መሃል ቆሞ ይጠብቃል። እነዚህ ሁለቱ ግን ነገሩ እንደማያዋጣ ሲገባቸው አገር ጥለው ወደ ቦሊቪያ ይጠፋሉ። ጎልድማን እንደሚያወሳው፣ አንድ የስቱዲዮ ኃላፊ ድርሰቱን ሊገዛ የፈለገው ሽሽቱ ከወጣለት ብቻ ነበር። የካውቦይ ፊልሞች ኮከብ ጆን ዌይን መች ይሸሻል ባይ ነው። ጎልድማን እምቢ አለ፤ ደግ አደረገ። ሽሽቱ ቢወጣ የሚቀረው ተራ የዘረፋ ታሪክ ነበር። ድርሰቱም በኋላ በ400,000 ዶላር ተሸጠ፤ በጊዜው ክብረ ወሰን ነው።

ሽሽቱ የሚጀምረው ከባቡር ዘረፋ ነው። ቡች ካዝናውን ለመስበር ድማሚት ያበዛል። ፉርጎው ብትንትን ይላል፣ ብሩ አየር ላይ ይበተናል። ሽፍቶቹ እየተሯሯጡ ሲለቅሙ ከኋላ ሌላ ባቡር መጥቶ ይቆማል። በሩ ሲከፈት ፈረሰኞች እንደተቀመጡ ዘለው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ገደማ ማሳደድ ነው። የአሳዳጆቹን ፊት በቅርብ አናይም። ቀን አቧራቸው፣ ማታ መብራታቸው ብቻ ይታያል። ዱካ ቢያጠፉባቸውም አይስቱም። የፊልሙ ትልቁ ብልሃት ይሄ ይመስለኛል፤ ፊት የሌለው ጠላት የበለጠ ያስፈራል።

ማሳደዱ ገደል አፋፍ ላይ ያደርሳቸዋል። ከታች ወንዝ አለ። ሰንዳንስ አልዘልም ብሎ ድርቅ ይላል፤ ለካ ዋና አይችልም! የዝላዩ መነሻ ኮሎራዶ፣ አኒማስ ወንዝ ላይ የተቀረጸ ነው። ተዋናዮቹ ያረፉት ትንሽ ዝቅ ብሎ በተዘጋጀ ቦታ ላይ ሲሆን፣ ረጅሙን ዝላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ አደገኛ ትዕይንት በተዋናይ ፈንታ የሚሠሩ ስታንት ሠሪዎች ዘለውላቸዋል። ቦሊቪያ ተብሎ የሚታየውም ሜክሲኮ ነው። እዚያ ቡች ባንክ ሲዘርፍ ስፓኒሽ ስለማይችል ማስፈራሪያውን ከወረቀት ያነባል።

ፊልሙ በዓመቱ በአሜሪካ ከፍተኛ ገቢ ካስገቡት የመጀመሪያው ሆነ። ለድርሰቱ፣ ለቀረጻው፣ ለሙዚቃውና በርት ባካራክ ከሃል ዴቪድ ጋር ለሠራው ዘፈን አራት ኦስካር አገኘ። ሬድፎርድ በ1981 ያቋቋመውን ኢንስቲትዩት ሰንዳንስ ብሎ የሰየመው በዚሁ ገጸ ባሕርይ ነው። ዛሬ የምናውቀው የፊልም ፌስቲቫልም ስሙ ከዚያው የመጣ ነው።

እውነተኛው ቡች ሮበርት ሊሮይ ፓርከር ይባላል፤ በ1866 ዩታ ውስጥ ተወለደ። ሰንዳንስ የፔንሲልቫኒያው ሃሪ ሎንጋባው ነው። የድማሚቱ ዘረፋ ፈጠራ አይደለም፤ በሰኔ 1899 ዋዮሚንግ፣ ዊልኮክስ አካባቢ የእነሱ ቡድን ሽፍቶች የፉርጎውን ካዝና በድማሚት ከፍተዋል። ፊልሙ የዘለለው ትልቅ ነገር አርጀንቲና ነው። ቡችና ሰንዳንስ ከ1901 ጀምሮ ከኤታ ጋር በፓታጎንያ፣ ቾሊላ በሚባል ቦታ ከብት እያረቡ ለዓመታት በሰላም ኖረዋል። የግል መርማሪዎቹ ፒንከርተኖች ግን እዚያም አልተዉዋቸውም።

በኅዳር 1908 ቦሊቪያ፣ ሳን ቪሴንቴ ውስጥ የማዕድን ኩባንያ ደመወዝ የዘረፉ፣ ቡችና ሰንዳንስ ናቸው የሚባሉ ሁለት ባዕዳን ተከበቡ። የከበቧቸው እንደ ፊልሙ የጦር ሠራዊት ሳይሆን ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ሌሊቱ ሲነጋ ሁለቱም ሞተው ተገኙ። ፊልሙ አሟሟታቸውን አያሳይም፤ እየተኮሱ ሲወጡ ምስሉ ባለበት ይቆማል። የቡች እህት ሉላ ወንድሜ በ1925 ቤታችን መጥቶ ነበር ስትል ኖራለች። በ1991 የሳን ቪሴንቴው መቃብር ተቆፍሮ አጽም ቢወጣም፣ ዲኤንኤው ከሁለቱም ዘመዶች ጋር አልገጠመም።