ፋሲካ የማይደርስለት ጾም

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ጾም ልጽፍ ነው። ብዙ ጊዜ አፍሬ የተውኩት ነገር ነው።

ቱሉ ዲምቱ ታክሲ መያዣው ጋ ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጦ የሚያስመዝን ልጅ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ደንበኛው ነበርኩ። ጠዋት ስወጣ እመዘናለሁ፣ ማታ ስመለስም እመዘናለሁ፣ ጫማዬን አውልቄ። ግማሽ ኪሎ ከጨመረ ያ ቀን አለቀ በቃ፤ ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ ፊቴ ላይ የሚመጣው ያ ቁጥር ነው።

"ምነው አትበዪም?" ስባል መልሴ "ጾም ነኝ" ነበር። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። በዚህ መሃል የማትበላን ልጅ ማን ይጠረጥራል? እንዲያውም "ከስተሻል፣ ጾሙ አምሮብሻል" ይሉኝ ነበር። (እባካችሁ ማንንም እንዲህ ብላችሁ አታሞግሱ።) እኔም አመንኩት። ማን ነሽ ብባል "የማትበላዋ" ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ሌሊት ግን ተነሥቼ የተረፈውን ሽሮ ከነድስቱ ቆሜ እጨርስና አስመልሳለሁ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው፤ ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧ እከፍታለሁ፣ ውሃ በሌለበት ቀን ከጀሪካን እያፈሰስኩ። ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ቅዳሴ።

የነቃሁት በፋሲካ ነው። ሌሊት ከቅዳሴ ተመለስን፣ እናቴ ዶሮውን አቀረበች፣ ጠቅልላ "በሞቴ!" ብላ ዘረጋችልኝ። አልቻልኩም። ነገ አልኳት፤ ነገም አልቻልኩም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፣ እኔ ግን እጾማለሁ። ለማን? ቤተ ክርስቲያን ብሉ ባለችበት ቀን እንዳልበላ የሚያዘኝ ማን ነው? ጾም መግቢያ አለው፣ መፍቻም አለው። የእኔ መፍቻ አልነበረውም።

ኤልያስን አስቡት። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ "ነፍሴን ውሰድ" ሲል መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውሃ ይዞ መጣና "ተነሥተህ ብላ" አለው። በላ፣ ተኛ፤ ደግሞ ቀሰቀሰው፣ ደግሞ በላ። ያንን 40 ቀን እስከ ኮሬብ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ጌታችንም የኢያኢሮስን ልጅ ካስነሣ በኋላ የምትበላውን ስጧት ነው ያለው። ጳውሎስ ደግሞ ለቆሮንቶስ ሰዎች መብል ወደ እግዚአብሔር አያቀርበንም፣ ባንበላ አይጎድለንም ብንበላም አይተርፈንም ብሎ ጽፏል። ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር እኮ።

እህቴ፣ ካህኑ ሲጸልዩልሽ የሚጠይቁሽ ክርስትና ስምሽን ነው። በ80 ቀንሽ የተሰጠሽን ስም። ያን ቀን ስንት ኪሎ እንደነበርሽ የሚያስታውስ አለ? ወንድሞችም፣ ከጂም ወጥታችሁ እንጀራ የምትፈሩ፣ እናንተንም ነው።

ሰውነትም ይናገራል። ፀጉሬ ይረግፍ ነበር፣ የወር አበባዬ ቀረ፣ ፀሐይ ላይ ይበርደኛል። ሐኪሟ እንደነገረችኝ አዘውትሮ ማስመለስ ከደም ውስጥ ፖታሺየም ያወርዳል፣ ያ ደግሞ የልብ ምት ያዛባል፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ጸበሉንም ጸሎቱንም ሳትተዉ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የአእምሮ ሐኪምም ቢሆን። ይህ እምነት ማነስ አይደለም።

ንስሐ አባቴ ዘንድ የሄድኩት ጰራቅሊጦስ ሲቃረብ ነው። ይቆጡኛል ብዬ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰምተውኝ ሲያበቁ "ጾም ለታመመ ሰው አይጸናበትም ልጄ። የሰኔን ጾም አትጾሚም፣ ቁርስሽን ትበያለሽ፣ ሐኪም የሚልሽንም ትሰሚያለሽ" አሉኝ። እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለው አሰናበቱኝ።

የሰኔ ጾም የገባ ዕለት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጾም ሲይዝ እኔ ፍርፍር ፊቴ ቀርቦልኝ አለቅሳለሁ። እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም። አንድ ጠቀለለችና ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳት።