እናት ወይም አባት የደም ካንሰር ሕክምና ሲጀምሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የደም ካንሰር የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ሉኪሚያ (የደም ሴሎች ካንሰር)፣ ሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር) እና መልቲፕል ማይሎማ (ከመቅኒ ተነሥቶ አጥንት የሚጎዳ ካንሰር) በዚህ ስም ሥር ይጠራሉ፤ እያንዳንዳቸውም ብዙ ዓይነት አላቸው። አንዳንዱ በቀናት ውስጥ ሕክምና ካልተጀመረለት ይገድላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለዓመታት ያለ መድኃኒት በክትትል ብቻ ይኖራል። ስለዚህ ልጆች ከሐኪሙ ዘንድ ይዘው መውጣት ያለባቸው የመጀመሪያ ነገር የበሽታው ሙሉ ስም በጽሑፍ ነው። “የደም ካንሰር ነው አሉ” ብቻ ይዛችሁ ዘመድ አዝማድ ማማከር ከጀመራችሁ፣ ለሌላ በሽታ የተሰጠ ምክር ይዛችሁ እናታችሁ ዘንድ ትመለሳላችሁ።

ከታች የዘረዘርናቸው አባባሎች ከመውደድ የመጡ ናቸው። የሚያደርሱት ጉዳት ግን በዚያ ምክንያት አይቀንስም።

“ትኩሳቱ ምች ነው፤ ዳማከሴ ይበቃዋል”

ይህን ያስቀደምነው ከሁሉም ፈጥኖ የሚገድለው ይህ ስሕተት ስለሆነ ነው። ኬሞቴራፒ (የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት፤ በአጭሩ ኬሞ) ከተሰጠ በኋላ፣ በብዙዎቹ መድኃኒቶች ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ነጭ የደም ሴሎች እጅግ ዝቅ ይላሉ። ከእነርሱ መካከል ኒውትሮፊል የሚባለው በማይክሮሊትር ከ500 በታች ሲሆን (የምርመራው ወረቀት ላይ 0.5 ተብሎም ይጻፋል) ሰውነት መግል እንኳ መሥራት ያቅተዋል። የሳንባ ምች ይዟቸው አክታ ላይኖር ይችላል፤ ቁስሉም ላያብጥ ይችላል። ብቸኛው ምልክት ትኩሳት ይሆናል።

መስመሩ ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ እንኳ 38.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ወይም ለአንድ ሰዓት ሳይወርድ የቆየ 38.0 ካያችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል። በብብት የምትለኩ ከሆነ ንባቡ ከአፍ በግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሚያንስ 37.5 ሲደርስ ደውሉ። በፊንጢጣ መለካት ለእነዚህ ሕመምተኞች አይፈቀድም፤ ትንሽ ጭረት ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ሳትለኩና ሳትደውሉ ፓራሲታሞል አትስጡ፤ ቁጥሩን ያወርደዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካውም። ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ከሆነ ትኩሳቱ ጨርሶ ላይወጣ ስለሚችል ብርድ ብርድ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ መዛል ወይም ንግግር መዘባረቅ እንደ ትኩሳት ይቆጠር።

ዳማከሴው ራሱ አይደለም ትልቁ ችግር። ተቀቅሎ፣ ተታጥኖ፣ ጋቢ ተደርቦ “ላብ ይውጣው” ሲባል የሚያልፉት አምስትና ስድስት ሰዓታት ናቸው። በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ነው የሚፈለገው። ሆስፒታል በር ላይ የምትናገሩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገርም “ኬሞ ላይ ናቸው፤ ትኩሳት አላቸው” ይሁን። “ትንሽ አሟቸው ነው” ካላችሁ ወረፋ ያስይዟችኋል። ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ የሕክምና ካርድ፣ የመጨረሻው የደም ምርመራ ውጤት፣ የመድኃኒቶች ዝርዝርና በሌሊት የሚመጣ ሾፌር ስልክ ቁጥር በአንድ ቦርሳ ውስጥ ሆነው በሩ አጠገብ ይቀመጡ።

“ደም ከሆነ የልጆቻቸው ይሻላል”

ስድስት ልጆች በአንድ ቀን ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፤ ያስመሰግናል። ነገር ግን የልጅ ደም በቀጥታ ለወላጅ መሰጠቱ የራሱ አደጋ አለው። የቅርብ ዘመድ ደም በዘር ስለሚመሳሰል በውስጡ ያሉት ነጭ የደም ሴሎች በተዳከመው ሰውነት ውስጥ ባዕድ መሆናቸው ሳይታወቅ ተቀምጠው ሰውነቱን ሊያጠቁ ይችላሉ። ብርቅ ነው፤ ከደረሰ ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን የሚከላከለው ደሙን በጨረር ማከም ነው። ሌላም አለ፦ ወደፊት የመቅኒ ንቅለ ተከላ ከታሰበ፣ ሊለግስ የሚችለው ልጅ ወይም ወንድም ቀድሞ ደም መስጠቱ የታመሙት ወላጅ ሰውነት መቅኒውን እንዳይቀበል ሊያደርግ ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለደም ባንክ ለግሱ፤ ከባንኩ ደግሞ የማያውቁት ሰው ደም ይምጣላቸው። በአንድ ቀን ሁላችሁም አትሂዱ። በኢትዮጵያ ከለገሳችሁ በኋላ ሦስት ወር መቆየት አለባችሁ፤ የእናታችሁ ፍላጎት ግን በየሳምንቱ ሊሆን ይችላል። በተለይ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል)፦ ለአንድ አዋቂ የሚበቃው ከአራት እስከ ስድስት ሰዎች ደም የሚወጣ ሲሆን የሚቆየውም አምስት ቀን ያህል ብቻ ነው። ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የዕድር ሰው በየሳምንቱ ተራ ቢያስይዝ ከአንድ ቀን ርብርብ እጅግ ይሻላል።

“ስሙን ከሰሙ ይሰበራሉ፤ አይነገራቸው”

በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሰዓት ተመርጦ ነው። ይህ ጥንቃቄ መልካም ነው። ግን በሽታ መርዶ አይደለም። አባትየው ኬሞ ክፍል ገብተው አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው “አንተስ ምንህን ነው?” ብለው በአንድ ጥያቄ ያውቁታል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ የሚነግሯቸውን ማመን ይከብዳቸዋል፤ የሚሰማቸውን ሕመምም “እንዳይጨነቁብኝ” ብለው መደበቅ ይጀምራሉ። የተደበቀ ትኩሳት ደግሞ ከላይ ያልነው ነው።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማፍሰስ አያስፈልግም። መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቁ፦ “ሐኪሙ የሚለውን ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለእኛ ይንገረን?” ለእናንተ ይነገር ካሉ ምርጫቸው ነው፤ አክብሩት። ልስማ ካሉ በቀላል ቃል ጀምሩ፦ “መቅኒዎ ደም በደንብ መሥራት አቅቶታል፤ ስሙ ይህ ነው፤ መድኃኒቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይጀመራል።”

አሜሪካ ላሉ ቤተሰቦች አንድ ነገር እንጨምር። ልጅ አስተርጓሚ ሲሆን ከባዱን ቃል ሳያስበው ይዘለዋል፤ ይህ የፍቅር ጠባይ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ስትይዙ “የአማርኛ አስተርጓሚ” በሉ፤ እናንተ ልጅ ሆናችሁ ተቀመጡ።

“ወገባቸውን ወጌሻ ይየው፤ ዋግምትም ይታገሙ”

ማይሎማ አጥንትን ውስጥ ውስጡን ይበላል። ብዙ ጊዜም የሚጀምረው በወገብ ሕመም ነው፤ በዕድሜ እያሳበቡ ወራት ያልፋሉ። እንዲህ የሳሳ አከርካሪ ላይ ጠንከር ያለ እሽት አጥንት ሊሰብር፣ ሕብለ ሰረሰርንም ሊጫን ይችላል። እግር ከዛለ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንት ማምለጥ ወይም እምቢ ማለት ከጀመረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኑ ዕለት ሆስፒታል።

ዋግምት ደግሞ ፕላትሌት ባነሰበት ሰው ላይ የማይቆም ደም ማለት ነው። ጤነኛ ሰው በማይክሮሊትር ከ150,000 በላይ ፕላትሌት አለው፤ በሕክምና ላይ ከ10,000 በታች ሊወርድ ይችላል። በዚህ ጊዜ የጡንቻ መርፌም፣ አስፕሪንም፣ ዲክሎፌናክም፣ ኢቡፕሮፌንም ይቅር። የማይሎማ ሕመምተኛ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ፕላትሌቱ ደህና ቢሆንም መውሰድ የለበትም፤ ኩላሊት ያበላሻሉ። እናቶች የሚወዱት መፋቂያ እንኳ ድድ ያደማል፤ በለስላሳ ብሩሽ ይተካ። አፍ ከቆሰለ በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይጉመጥመጡበት፤ አይዋጥም። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ።

ሥር የሰደደ ሉኪሚያ ላይ ጣፊያ ያብጣል፤ በግራ በኩል ከጎድን አጥንት በታች በእጅ ይዳሰሳል። እሱም አይታሽም፤ ሊቀደድ ይችላል።

“ጠያቂ መከልከል ነውር ነው”

ነውሩን የሚፈራው ቤተሰቡ ነው፤ የሚታመሙት ግን እናት ናቸው። ሃያ ሰው ገብቶ ጉንጭ ሲስም፣ ከሃያው አንዱ ጉንፋን ይዞታል። መከልከል ሳይሆን መለወጥ ይቻላል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ስልክ ተቀባይ ይሁን፤ ሁሉም በእርሱ በኩል ይጠይቅ። የመጣ ሰው እጁን በሳሙና ለሃያ ሰከንድ ይታጠብ፣ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ሰላም ይበል፣ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ይሂድ። ያሳለው፣ ተቅማጥ የያዘው፣ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ የወጣበት ልጅ ያለው ሰው በስልክ ይበቃዋል። ምግብ ላምጣ ለሚል ሰው ደግሞ “የሐሙስ ትራንስፖርት ቻልልን” ማለት ነውር የለውም። ይህን ቃል የምትናገረው ታላቅ ልጅ ብትሆን የበለጠ ይሰማል።

“ክትፎ ደም ይተካል”

ያነሰው ደም ያነሰው መቅኒው መሥራት ስላቃተው ነው፤ ጥሬ ሥጋ መቅኒን አይጠግንም። ይልቅ ሳልሞኔላና ሌላም ይዞ ይመጣል። ሥጋ ቀይነቱ እስኪጠፋ ይብሰል፤ ለብለብም አይሆንም። ወተት ይፈላ፤ አይብና እርጎ ካልተፈላ ወተት የተሠራ ከሆነ ይቅር፤ ጠላና ጠጅም እንዲሁ። እንጀራውን አገላብጣችሁ እዩት፦ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ካለ ያንን ቆርሶ ሌላውን ማቅረብ አይበቃም፤ ሻጋታው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ እንጀራው በሙሉ ይጣል። ጤፍ ማበጠርና ዶሮ ቤት መጥረግም ለሌላ ሰው ይተው፤ አቧራው ውስጥ ያለው ሻጋታ ሳንባ ላይ ያርፋል።

በተቃራኒው ደግሞ “ስኳር ካንሰርን ይመግባል” ብሎ ምግብ የሚከለክል አለ። ክብደታቸው ከቀነሰ የሚዳከሙት እሳቸው ናቸው። ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ በደንብ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሽሮ፣ የተላጠ ሙዝ ሁሉ ይቻላል። ጾም ከሆነ ንስሐ አባትን አነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። በእስልምናም በሽተኛ የረመዳንን ጾም በኋላ እንዲከፍል ወይም እንዲያካክስ ተፈቅዶለታል።

ዴክሳሜታሶን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ግን ልዩ ናቸው። መድኃኒቱ ጠዋት ከቁርስ ጋር ሲወሰድ ስኳሩ የሚወጣው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ብቻ የሚለካ ቤተሰብ ደህና ናቸው ብሎ ይታለላል፤ ማታም ለኩ። እንቅልፍ ማጣትና ቁጣም ከዚሁ መድኃኒት ነው፤ ጠባያቸው ተለውጦ አይደለም።

“ኪኒን ብቻ ነው፤ ሲሻላቸው ይቆማል”

ሲኤምኤል የሚባለው ሉኪሚያ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢማቲኒብ ይታከማል፤ የተለመደው መጠን በቀን 400 ሚሊግራም፣ ከምግብ ጋር በትልቅ ብርጭቆ ውኃ ነው። በሳምንታት ውስጥ ጣፊያው ይጎድላል፣ ነጭ የደም ሴል ይስተካከላል፣ ፀጉርም አያረግፍም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ደህና የሆነ ሰው ኪኒን ይረሳል። በወር ሦስት ቀን ከዚያም በላይ መዝለል በሽታው በጥልቀት እንዳይረታ ያደርጋል። ያመለጠ ቀን ሁለት እጥፍ በመውሰድ አይካካስም። የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግ ከማንም ማስታወስ ይበልጣል። ማቆም የሚሞከረው ከዓመታት በኋላ፣ በሐኪም ትእዛዝና በተከታታይ የደም ምርመራ ብቻ ነው። ዋጋው አስፈርቷችሁ ከሆነ ሳትጠይቁ አትቅሩ፤ በኢትዮጵያ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ማክስ ፋውንዴሽን በተባለ ግብረ ሰናይ ድርጅት ድጋፍ ሕመምተኞች በነፃ ሲያገኙት ቆይተዋል።

“ጸበል የጀመረ መድኃኒት ያቆማል”

ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ አስተምረዋል፤ ለዚህም ያው ነው። ነጭ የደም ሴል ባነሰባቸው ቀናት ካህኑ ቤት መጥተው ቢጸልዩላቸው ይሻላል፤ ብዙ ሰው በሚጠመቅበት ቦታ መጋፋት ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። የደም ሥር ቱቦ የተተከለላቸው ከሆነ ቱቦው ውኃ አይንካው። የሚጠጡት ጸበል ይፈላ ወይም አይፈላ የሚለውን ከካህኑና ከሐኪሙ ጋር ተመካከሩበት። ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ፣ “ለደም” የሚባል ቅጠል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኬሞውን ሊያዳክሙ ወይም ጉበትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ስማቸው ከመድኃኒቶቹ ዝርዝር ጋር ለሐኪሙ ይነገር።

“መድኃኒት ያልጀመሩላቸው ተስፋ ቆርጠው ነው”

ሲኤልኤል የሚባለው የአረጋውያን ሉኪሚያ ምልክት ሳያሳይ ከተገኘ፣ ቶሎ መታከም ዕድሜ እንደማይጨምር ይታወቃል። “በሦስት ወር ተመለሱ” ማለት ትክክለኛ ሕክምና ነው። እናንተ ክብደት፣ የሌሊት ላብና አዲስ እብጠት መዝግቡ።

“ሳህናቸው ይለይ፤ ይተላለፋል”

አይተላለፍም። ከአንድ ትሪ መብላትም መተቃቀፍም ይቻላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለመድኃኒቱ ነው፦ ኬሞ ከወሰዱ በኋላ ለ48 ሰዓት ሽንት፣ ሰገራና ትውከት የምታነሱ ሰዎች ጓንት አድርጉ፤ መጸዳጃውን ከድናችሁ ሁለት ጊዜ ውኃ ልቀቁ፤ የቆሸሸ አንሶላ ከሌላው ተለይቶ ይታጠብ። ነፍሰ ጡር ልጅ ወይም ምራት ካለች ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይያዝላት፤ እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ታጫውታቸው።