ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ለማን ነው?

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከኋላ ቀይና ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ቢል ዳር ይዛችሁ ታሳልፋላችሁ። አምቡላንስ፣ እሳት አደጋ ወይም ፖሊስ ነው ብላችሁ ነዋ! ቅድሚያው የተሰጠው ለሥራው ነው። ስለዚህ የግል መኪና ላይ አይታሰርም። ሙሽራ ማጀብም ምክንያት አይሆንም።

ቢጫው የሚሽከረከር መብራት መንገድ በሚጠግኑ ማሽኖች ላይ የምታዩት ነው። «ተጠንቀቁ» ይላል እንጂ «አሳልፉኝ» አይልም።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው በአራቱ ፍሬቻ ነው፤ አራቱም የመታጠፊያ መብራቶች አንድ ላይ ብልጭ ድርግም ሲሉ ማለት ነው። እሱ ከመኪናው ጋር የመጣ ነው፤ ግን ቅድሚያ አያሰጥም። ቁልቁለቱ ላይ መኪናችሁ ከቆመ አብሩት፤ ባለሦስት ማዕዘኑንም ምልክት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጭጋግ መጣ ብሎ አራቱን እያበሩ መንዳት ግን ክፉ ልማድ ነው። በብዙ መኪና ላይ ያኔ የመታጠፊያው ምልክት አይለይም። ከኋላ ያለው ከባድ መኪና ወዴት እንደምትዞሩ በምን ይወቅ?